ጫማዬ ሞላላት

ጋሽ ሰጋቱራ ሲዘፍን የሰማ ሰው ሁሉ ጥያቄ ይዞ ነው ወደ ቤቱ የሚሄደው። ዘፈኑ እንዲህ ይላል፦

ባልዲው ቀዳዳ ነው፣ ጫማዬ ሞላላት።

የማን ባልዲ? «ላት» የተባለችውስ ማን ነች? ደግሞ ጫማ እንዴት ሆኖ ነው ለሰው የሚሞላው? ይህን ጠይቆ መልስ ያገኘ የለም። ጋሽ ሰጋቱራ መላጊያውን ጣውላው ላይ ገፋ ያደርግና ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ወደሚቀጥለው ስንኝ ይሻገራል፦

ድመቴን ስጠራ «አቤት» ትለኛለች።

ድመት አቤት አትልም። ሚስቱ ይህንን ከተጋቡ ጀምሮ ስትነግረው ኖራለች። «አንተ ሰውዬ፣ ወይ ድመቷን ተዋት፣ ወይ ባልዲውን አስበይደው» ትለዋለች። እሱም «ዘፈን ነው እንጂ የምስክር ቃል አይደለም፤ ምን ታፋጥጪኛለሽ?» ይላል። ዘፈኑን ያስተማሩት አባቱ ናቸው፤ አባቱ ደግሞ ጎዶሎ ነገር ሠርተው አያውቁም። በዚህ ጉዳይ ቀልድ የሚባል ነገር አይገባውም።

ጋሽ ሰጋቱራ አናጢ ነው። እናቱ ያወጣችለት ሌላ ስም ነበረው፣ ሰፈሩ ግን ረስቶታል። ቅንድቡ ላይ፣ ኪሱ ውስጥ፣ አንዳንዴም የሻይ ብርጭቆው ውስጥ ሰጋቱራ አይጠፋም። ሚስቱ ጠዋት ጠዋት አንሶላውን ስታራግፍ «ከዚህ ብቻ አንድ በርጩማ ይወጣ ነበር» ትላለች። ሥራ ቤቱ ከመኖሪያ ቤቱ ጓሮ ነው፤ መሀል ላይ የኤሌክትሪክ መጋዙ፣ በመስኮቱ ሥር ረጅሙ የሥራ ጠረጴዛ፣ በር ላይ ደግሞ ደንበኞች ተቀምጠው ሥራቸውን የሚጠብቁበትና የሚጨቀጭቁበት አግዳሚ ወንበር አለ። ከበሩ በላይ፣ ሁለት ምስማር ላይ፣ የአባቱ መጋዝ ተሰቅሏል። ቁመቱ ሰው ያክላል፤ በሁለቱም ጫፍ እጀታ አለው። ዝጓል፤ ግን ማንም እንዲነካው አይፈቀድለትም።

አባቱ ግንድ ሰንጣቂ ነበሩ። በግቢያቸው ውስጥ ጉድጓድ ነበር፤ ግንዱ በጉድጓዱ አፍ ላይ ይጋደማል፣ አንድ ሰው ከላይ ግንዱ ላይ ቆሞ፣ አንድ ሰው ከታች ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ መጋዙን ሽቅብ ቁልቁል ይጎትቱታል። የአባቱ ባልደረባ ወገቡን ታሞ ሥራውን ሲተው፣ እጀታውን የያዙት የአባቱ ሁለት ልጆች ናቸው። ታላቅ እህቱ ከላይ ወጣች። እሱ ትንሽ ስለነበረ ከታች ገባ፤ ሰጋቱራው ዓይኑን እንዳያጠፋው ጆንያ ከአናቱ እስከ ጆሮው ተከናንቦ።

ሁለት ሰው እኩል ከሳበ መጋዙ ይጣመማል፤ ስለዚህ ተራ ያስፈልጋል። ተራውን የሚያስይዘው ዘፈኑ ነበር። «የሚስብ ይዘፍናል፣ የሚለቅ ይተነፍሳል» ይሉ ነበር አባት፣ ጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ቆመው መስመሩን በዓይናቸው እየለኩ። ለሷም ለብቻዋ፣ ለሱም ለብቻው አስጠኗቸው። እነሱም ከትምህርት ቤት መልስ እየሳቡ ዘፈኑ፣ እየለቀቁ ተነፈሱ። ኋላ የኤሌክትሪኩ መጋዝ መጣ፤ ጉድጓዱ ተደፈነ፤ ሁለቱም አድገው በየፊናቸው ሄዱ። አስተዋይ አንባቢ ነገሩን ከወዲሁ ጠርጥሮ ይሆናል። ይጠርጥር፤ ወንድምና እህቱ ግን ለመጠርጠር ዕድሜያቸውን ፈጅተዋል።

ነገሩ ሁሉ የጀመረው በሻይ ማንቆርቆሪያው ነው። ውኃው ሲፈላ የሚያፏጭ ማንቆርቆሪያ ነበራቸው። አንድ ቀን ጋሽ ሰጋቱራ ማፏጨቱን አቆመ ብሎ ፈታታው። ክዳኑን ሞረደ፣ አፉን አጠበበ፣ መልሶ እሳት ላይ ጣደው። ሚስቱና ሴት ልጁ ጆሯቸውን በሁለት እጃቸው ደፍነው ከማዕድ ቤት ሲሮጡ፣ እሱ ማንቆርቆሪያው ላይ ጎንበስ ብሎ «አሁንም እምቢ አለ» ይላል።

ከዚያ ወዲያ «ምን?» ማለቱን ዕድሜ ነው ብለው ማለፍ አልቻሉም። ልጁ እየጎተተች ጆሮ ሐኪም ጋ ወሰደችው።

«የመጋዙ ማሽን ጩኸት ነው» አለች ሐኪሟ። «ቀጫጭኑ ድምፅ ነው ቀድሞ የሚሄደው። ወፍራሙ ይቆያል። ሲብስ ግን ወሬም ያስቸግርዎታል። መሣሪያ እናደርግልዎታለን።»

«መሣሪያው ዘፈን ያሰማል?»

«ወሬ ያሰማል። ዘፈን ግን እንደ ድሮው አይሆንልዎትም። የሚወዱት ዘፈን ካለ አሁኑኑ ይጥገቡት።»

እውነቱን ለመናገር ወሬው ብዙ አላሳሰበውም። ካልሰማሁት የሚሻለኝ ወሬ ሞልቷል ባይ ነው፤ ለሚስቱ ወንድም ለምሳሌ አንድ ጆሮ መደፈኑ አይበቃም፣ ሁለቱም ቢደፈኑ ይመረጣል። የፈራው ለዘፈኑ ነው። የቤቱ በር ላይ ሲደርሱ ልጁን ክንዷን ያዛትና «እነዚያን የአባባን ዘፈኖች ስልክ ላይ አድርጊልኝ» አላት። «ጆሮዬ ሳይሄድብኝ ልሰማቸው።»

ልጁ የድምፅ ባለሙያ ናት። አውቶቡስ ጣቢያው ውስጥ «ውድ ተሳፋሪዎቻችን» የሚለውን ድምፅ የምትቀዳና የምታስተካክል እሷ ነች። «ይኼማ ቀላል ነው፣ ፕሌይሊስት እሠራልሃለሁ» አለችው። ከዚያ ኢንተርኔቱን አገላበጠችው። ባልዲ የለም፤ ድመትም የለች። ዘፈኖቹ የአንድ ግቢ ዘፈኖች ነበሩ፤ ከዚያ ግቢ ውጭ የዘፈናቸው አልተገኘም። ስለዚህ ራሱ ዘፍኖ እሷ ልትቀዳው ሆነ።

«ቁም ሳጥኑ ውስጥ ግባ» አለችው። ኮትና ቀሚሱ የሚያስተጋባውን ድምፅ ውጦ ያስቀረዋል አለች። ቁም ሳጥኑን የሠራው እሱ ራሱ ነው፤ እንደገባ መዝፈኑን ትቶ የመደርደሪያውን ማዕዘን መነካካት ጀመረ። «ይቺ ጥግ ትንሽ ተከፍታለች» የሚል ድምፅ ከኮቶቹ መሀል መጣ። እንደምንም አባብላ አስዘፈነችው። ሲጨርስ በሩን ከፈተችለትና አንገቷን ነቀነቀች።

«አባዬ፣ አትቆጣኝ። ግጥሙ ቤት አይመታም እኮ።»

«ምን?»

«‹ሞላላት› ካልክ በኋላ ‹ትለኛለች› ትላለህ። አንዱ ካንዱ አይገጥምም።»

ለአናጢ አይገጥምም ማለት ከስድብም የከፋ ስድብ ነው። ጋሽ ሰጋቱራ የሚስቱን ካፖርት ትከሻው ላይ እንዳንጠለጠለ ከቁም ሳጥኑ ወጣ። «አባባ ያልገጠመ ነገር ከእጃቸው አይወጣም! እንዲያውም እታለም ትምጣና ትመስክር።»

እታለም የሚላት ያችን ታላቅ እህቱን ነው። መጋረጃ ሰፊ ናት፤ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ትኖራለች። መጣች። የመለኪያ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተጠመጠመ፣ ከበር ሳታልፍ በፊት የሳሎኑን መጋረጃ በሁለት ጣቷ ይዛ «ይኼን የሰፋው ሰው ታስሯል ወይስ ገና ነው?» አለች። ከዚያ ወንድሟን አቅፋ ሳመችው። «ማሙሽ፣ ከስተሃል።» ፀጉሩ የሸበተ፣ ሴት ልጅ ለወግ ያበቃ ሰው ነው፤ ለሷ ግን አሁንም ማሙሽ ነው።

ልጁ ስልኳን ጠረጴዛው መሀል አድርጋ «በሉ፣ አክስቴ ትጀምር» አለች። እታለም ጉሮሮዋን ጠረገች፦

እናቴ ላከችኝ ውኃ ልቀዳላት፣
ጎረቤቴ ቆንጆ መስኮት ላይ ቆማለች።

ጋሽ ሰጋቱራ ጠበቀ። ምንም አልመጣም። «ባልዲውስ?» አለ።

«የምን ባልዲ?»

«የኛ ነዋ! ጫማውስ?»

«ዘፈኑ ውስጥ ጫማ የለም።»

«እታለም፣ እናታችን ውኃ ብላ ልካሽ አንቺ የሰው መስኮት ታያለሽ?»

«አንተ ደግሞ ድመት የምታናግረውን ነው ዘፈን የምትለው? ልጅህ ፊት ሳይቀር ስትዘፍነው ዝም ያልኩት እኮ አዝኜልህ ነው!»

«አበላሽተሽዋል።»

«ያበላሸኸው አንተ ነህ። ድሮስ ጉድጓድ ውስጥ ጆንያ ተከናንበህ ምን ትሰማ ነበር?»

«አንቺስ ግንድ ላይ ተንጠልጥለሽ ምን ትሰሚ ነበር?»

እውነቱ አፍንጫቸው ሥር ቆሞ ነበር፤ ግን የተናደደ ሰው አፍንጫው ሥር አያይም። እታለም ቦርሳዋን አንስታ ተነሳች። ወደ በሩ ዞራ፣ ጀርባዋን ሰጥታው አንድ ነገር ተናገረች።

«ምን?» አለ ወንድሟ።

ደገመችለት።

«ምን?»

«ታሾፍብኛለህ?» ብላ ዞረች። ፊቷ ቀልቷል። ልጁ መሀላቸው ገብታ በቀስታ «አክስቴ፣ አይሰማውም እኮ። የእውነቱን ነው» አለቻት።

እታለም ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀመጠች። ተመልሳ መጥታ ከፊት ለፊቱ፣ ጉልበቷ ጉልበቱን እስኪነካ ተጠግታ ተቀመጠች። «ለምን አልነገርከኝም፣ ማሙሽ?»

«አንቺን እሰማሻለሁ ብዬ ነው። ካንቺ የሚጮህ ማሽኑ ብቻ ነው።»

ሳቀች፤ ሳቋ ግን ሳያልቅ ዕንባዋ ቀደመ። እሱም ጨነቀው፤ ጨነቀውና ያሰበውን ሁሉ አወጣው። «ወሬው ይቅርብኝ። አባባን የማገኛቸው ግን በዘፈኑ ነው። ስዘፍን ጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ቆመው ያዩኛል። ዘፈኑ ሲጠፋብኝ እሳቸውን ሁለተኛ ልቀብር ነው። ለዚያ ነው በትክክሉ ልይዘው የፈለግኩት።»

እታለም አፍንጫዋን ጠረገች። እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ የሌለ ነገር እንደጨበጠ ሰው ጣቶቿን አጠፈች፣ ዘረጋች። «እንዲህ እንግዳ መስዬ ተቀምጬ እንዴት ነው የሚመጣልኝ? ያ መጋዝ አለ?»

ወደ ሥራ ቤት ሄዱ። ጋሽ ሰጋቱራ ማንም እንዳይነካው የከለከለውን መጋዝ ራሱ ወጥቶ አወረደው። ዝገቱን በዘይት ጨርቅ ጠራረጉት፤ ጥርሱን ሞረድ ሞረድ አደረገው። ጥግ ላይ የተጣለ ግንድ ሁለት ማቆሚያ ላይ አጋደሙ። እታለም እጅጌዋን ሰበሰበች፤ የአንገቷን ሜትር ማውለቅ ትዝ አላላትም። ልጁ ስልኳን የሥራ ጠረጴዛው ላይ አቆመችው።

መጀመሪያ እኩል ሳቡና መጋዙ ተቀረቀረ። «ልቀቅ!» «አንቺ ልቀቂ!» ሁለተኛው ላይ እኩል ለቀቁና ሁለቱም ወደፊት ተደፉ። ከዚያ እጃቸው ሥራውን ከአፋቸው ተረከበ። ጉርርር ወደሷ፣ ጉርርር ወደሱ። ትከሻቸው ፈታ አለ። ሰጋቱራው ጫማቸው ላይ ይወርድ ጀመር። መጋዙ ወደ እታለም ሲሄድ፣ ሳታስበው አፏ ተከፈተ፦

እናቴ ላከችኝ ውኃ ልቀዳላት፣

መጋዙ ወደሱ ዞረ። የሱም አፍ እንደዚያው፦

ባልዲው ቀዳዳ ነው፣ ጫማዬ ሞላላት።

መጋዙ ቀጥ አለ። ወንድምና እህት በግንዱ ላይ ተያዩ። ማንም ቃል ሳይተነፍስ በፊት፣ የሻይ ትሪ ይዛ በሩ ላይ የደረሰችው ሚስቱ ናት የጮኸችው።

«ለእናቱ ነው! ጫማው የሞላላት ለእናቱ ነው!»

ይህች ሴት ይህን መልስ ስትጠብቅ ነው ያረጀችው። ብርጭቆዎቹ ትሪው ላይ እስኪንቀጫቀጩ ሳቀች። እታለም ግንዱን ተደግፋ ሳቀች፤ ልጁ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። ጋሽ ሰጋቱራ ብቻ መጀመሪያ አልሳቀም፤ «ቆይ፣ ቆይ፣ ድመቷስ?» እያለ እጀታውን ጨበጠ። ሳቡት፦

ጎረቤቴ ቆንጆ መስኮት ላይ ቆማለች፣
ድመቴን ስጠራ «አቤት» ትለኛለች።

«ጎረቤቷ ናት አቤት ያለችው!» አለ። «እኔ ደግሞ ዕድሜ ልኬን በድመቷ ስገረም!» አሁን የሱ ሳቅ ሌላውን ሁሉ በለጠ።

ከዚያ ወዲያ ማን ያቁማቸው። መጋዙ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ዘፈን ይመጣል፤ መጋዙ ሲቆም ዘፈኑም ይቆማል። ሁለቱም ረስተናል ያሉት፣ ደግሞም ጨርሶ አናውቀውም ብለው የሚምሉበት ሁሉ እየተግተለተለ ወጣ። እታለም የማታውቀው ግማሽ፣ እሱ ያልሰማው ግማሽ። በመሀል ግንዱ ተቆርጦ አለቀ፤ ዘፈኑ ግን ገና ግማሹ ላይ ነበር። ሌላ ግንድ አልነበረም። ጋሽ ሰጋቱራ ዙሪያውን ቃኘ፤ ዓይኑ በሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ አረፈ።

«እንዳትሞክረው!» አለች ሚስቱ። «ደንበኛ የት ሊቀመጥ ነው?»

«ቆሞ ይጠብቅ። እንዲያውም ቶሎ ይሄዳል» አለና ወንበሩን ማቆሚያው ላይ አጋደመው።

የመጨረሻውን ዘፈን የዘፈኑት ያንን ወንበር እየቆረጡ ነው። ይህኛው አባታቸው ገና እጀታ መያዝ ሲያለማምዷቸው ያስተማሩት ነበር። እታለም ስባ፦

ሳብ አርገው ወዳንተ፣ ልሳበው ወደኔ፣

እሱ ስቦ፦

ብቻውን አይቆርጥም፣ ያላንቺ ያለኔ።

ይህችን ስንኝ ጋሽ ሰጋቱራ ለብቻው ሲዘፍናት ነው የኖረው። ወንበሩ ሁለት ሆኖ ወደቀ። እታለም ላቧን በሜትሯ ጫፍ እየጠረገች «አየሃቸው?» አለችው። የጠየቀችው ስለ አባታቸው ነው። «ዘፈኑ እንደገጠመ እያዩ ነው» አላት።

ልጁ ቅጂውን ወደ መሥሪያ ቤቷ ወስዳ ብዙ ደከመችበት። የመጋዙን ጉርርታ አወጣች፣ ሳሉን አወጣች፣ የእናቷን ጩኸት አወጣች። ዘፈኖቹን አንድ በአንድ ለያይታ ደረደረቻቸው። «የአባዬ ፕሌይሊስት» ብላ ስልኩ ላይ ጫነችለትና፣ መሥሪያ ቤቷ ያሉትን ትልልቅ የጆሮ ማዳመጫዎች አምጥታ ጆሮው ላይ ደፋችለት። እጆቿን አጣምራ ፊቱን ማየት ጀመረች።

ጋሽ ሰጋቱራ እስከ መጨረሻው አዳመጠ። «ጥሩ ነው» አለ። ይቺን «ጥሩ ነው» ልጁ ታውቃታለች፤ ከሌላ አናጢ ዘንድ ጠማማ በር አሠርቶ ለሚያሳየው ጎረቤት የሚላት ናት።

«አባዬ፣ እውነቱን ንገረኝ።»

«የእታለምን ድምፅ እንደ ትንኝ ሩቅ እሰማዋለሁ። የኔንም እንደዚያው።» ማዳመጫውን አወለቀ። «እንጨቱ የት ሄደ?»

«አጸዳሁታ። መጋዙ ዘፈኑን ይረብሸዋል።»

«ልጄ፣ ዘፈኑን ጠርገሽ ነዋ የደፋሽው!»

ትንሽ ከፋት፤ ሦስት ቀን ማታ ማታ የለፋችበት ነው። ከዚያ ሐኪሟ ያለችው ትዝ አላት፦ ቀጭኑ ይሄዳል፣ ወፍራሙ ይቆያል። በማግስቱ ያልተነካውን ቅጂ፣ ከነመጋዙ፣ ከነሳሉ፣ ከነ«ለእናቱ ነው!» አምጥታ ጫነችለት። አባቷ ማዳመጫውን ደፍቶ ዓይኑን ጨፈነ። መጋዙ ጉርርር ብሎ ሲሄድ አንገቱ አብሮ ሄደ፤ ሲመለስ እጁ ጭኑ ላይ አንድ ነገር ወደራሱ ሳበ። ሚስቱ በሩ ላይ ሆና አይታው ገብታ ግንባሩን ሳመችው።

ጆሮው እንደተባለው ሄደ። መሣሪያ ተደረገለት፤ ወሬ ያሰማዋል፤ የሚስቱ ወንድም ሲመጣ መሣሪያው ሁልጊዜ ባትሪ ያልቅበታል። የእታለም ድምፅ ከቅጂው ውስጥ ለሱ ከጠፋ ቆይቷል። መጋዙ ግን አለ። ሲሄድ እሷ እየዘፈነች እንደሆነ ያውቃል፤ ይጠብቃታል፤ ሲመለስ ተራውን ይዘፍናል። አንዳንድ እሑድ እታለም ራሷ ትመጣና፣ የሚቆረጥ ነገር ፈልገው ቤቱን ያምሳሉ።

ባለፈው አንዲት ሴት የሕፃን አልጋ ልታዝ መጣች። የምትቀመጥበት ስላልነበረ በሩ ላይ ቆመች። ጋሽ ሰጋቱራ ማዳመጫውን ደፍቶ፣ መላጊያውን ይዞ፣ ጀርባውን ሰጥቷት ነበር። ከውጭ ለሚሰማው ያው የድሮው ነው፦

ባልዲው ቀዳዳ ነው፣ ጫማዬ ሞላላት።

ከዚያ ዝም አለ። መላጊያውን አንስቶ ቆመ። ሴትዮዋ «ጨረሱ መሰለኝ» ብላ ልትጠራው አፏን ስትከፍት፣ ሚስቱ ክንዷን ያዘቻት።

«ቆዪ፣ እህቴ» አለቻት። «አሁን የእታለም ተራ ነው።»